ሰውዬው እውነት እንዲህ ብሏል?

ሰርዶ ላይ ፀሐይ ብትገባም ሙቀቱ አይገባም። ጥቁሩ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ሲተፋ ያመሻል። ከሰመራ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብላ፣ አንዱ መንገድ ወደ ጋላፊና ጅቡቲ ሲቀጥል ሌላው ወደ አፍዴራ ጨው በሚታጠፍባት በዚህች መገንጠያ፣ ከጭነት መኪና ሹፌሮች ጋር አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አምሽቼ ነበር። ቆርቆሮው ሥር ሰባት ስምንት እንሆናለን። አንዱ ረዳት ስልኩን በሃይላንድ ጠርሙስ አስደግፎ ቪዲዮ ከፈተ፤ ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን።

ሄልሜት ያደረገ ጃፓናዊ ኩሬ ላይ ከተደረደሩ ድንጋዮች አንዱን ረግጦ ወደ ሌላው ይዘላል። አንዳንዶቹ ድንጋዮች የተተከሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ተንሳፋፊ ስለሆኑ ሲረግጧቸው ይሰምጣሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ይጮኻል፤ የሚሰማው ግን አማርኛ ነው፣ ያውም የገጠር አማርኛ፦ «ኧረ እመቤቴ ድረሽልኝ! በሬዬን ሽጬ እኮ ነው የመጣሁት!» አስተዋዋቂው በለስላሳ የአዲስ አበባ አነጋገር፣ «ተወዳዳሪያችን ከመርሐቤቴ ናቸው፤ ይህን ያህል ውኃ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው» ይላል። ጃፓናዊው አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ሦስተኛው ላይ ገባ። በረንዳው በሳቅ ተናወጠ።

ከሳቁት ሹፌሮች አንዱ የመርሐቤቴ ልጅ ነው። ሦስት ጊዜ አስደገመና በሦስተኛው፣ «እኛ ግን እውነት እንዲህ ነው እንዴ የምናወራው?» አለ። የመለሰለት የለም። ጥግ ላይ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሻያቸውን የሚጠጡ አንድ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። ቪዲዮውን አብረውን አይተዋል፤ አልሳቁም። ረዳቱን ጠቀሱት።

«ሰውዬው እውነት እንዲህ ብሏል?»

«አይ አባባ፣ ቀልድ ነው። ድምፁን የኛ ልጆች ናቸው የገቡበት።»

«ታዲያ እሱ ምን አለ?»

ረዳቱ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ወደ ስልኩ ዞርኩ፤ ከዚያ የሚገኝ መልስ ያለ ይመስል።

ከዚያ ምሽት ወዲህ በዚህ ነገር ዙሪያ የተሠራውን ሳገላብጥ ከርሜያለሁ። የባዕድ አገር የውድድር ዝግጅት ወስዶ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ በራስ ቋንቋ ሌላ ነገር ማስነገርና መሳቅ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ የኛም ብቻ አይደለም። ማን በማን እንደሚስቅ ግን ከአገር አገር ይለያያል። ልዩነቱም ከሥዕሉ አይመጣም፤ ሥዕሉማ አንድ ነው።

መጀመሪያ ሰውዬው የመጣበትን ቤት እንይ። ዝግጅቱ «የታኬሺ ግንብ» ነው፤ ቲቢኤስ የተባለው የጃፓን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1986 ማሳየት ጀመረ። ከመቶ በላይ ተወዳዳሪዎች አንድ ላይ ይሰለፋሉ፤ ጭቃው፣ ኩሬውና የሚሽከረከረው ግንድ እያንጠባጠባቸው ጥቂቶች ብቻ ግንቡ በር ላይ ይደርሳሉ። ግንቡን የሰበረ አንድ ሚሊዮን የን ይሸለማል። የግንቡ ጌታ ሆኖ የሚቀመጠው ታኬሺ ኪታኖ ነው። በአሳኩሳ የቧልት መድረኮች ላይ «ቱ ቢት» በተባለ ጥንድ ያደገ ቀልደኛ ሲሆን፣ በኋላ ዳይሬክተር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1997 በቬኒስ ፌስቲቫል «ሃና-ቢ» በተባለው ፊልሙ የወርቅ አንበሳ የወሰደው ያው ሰው ነው።

ብዙ ተመልካች የማያውቀው ነገር አለ። ዝግጅቱ ከመነሻው ቀልድ ነበር። ተወዳዳሪዎቹን የሚመራው ጄኔራል እየፎከረ ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ ሠራዊቱ ጭቃ ውስጥ ይገባል፤ ጌታው ግንቡ ላይ ተቀምጦ ያሾፋል። ጃፓኖቹ የሚስቁት በገዛ አገራቸው የሳሙራይ ፊልም፣ በገዛ አያቶቻቸው ኩራት ነው። የኛ ሰው ቢሠራው ኖሮ ዘራፍ ባዩን ሁሉ ኩሬ ውስጥ የሚከት የፉከራ ቀልድ ይሆን ነበር። እንግዲህ ድምፁ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ነው፤ ቀልዱን ገፈን ሌላ ቀልድ እናለብሰዋለን። በራሱ እያሾፈ የወደቀው ሰው፣ ሳያውቅ የወደቀ ሞኝ ሆኖ ይታያል።

ጃፓን ራሷ በሰው ሥዕል ላይ ድምፅ የመጫን ጥበብ ባለቤት መሆኗ ደግሞ ይገርማል። ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን «ቤንሺ» የሚባሉ ተራኪዎች ከስክሪኑ ጎን ቆመው የወንዱንም የሴቱንም የሕፃኑንም ድምፅ እያወጡ ፊልሙን ይተርኩ ነበር። ሕዝቡ ከተዋናዩ ይልቅ ቤንሺውን ብሎ የሚገባበት ጊዜ ነበር። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ እንጀራቸው ተቋረጠ። የፊልም ዳይሬክተሩ የአኪራ ኩሮሳዋ ታላቅ ወንድም ሄይጎ ከቤንሺዎቹ አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ራሱን አጠፋ።

ወደ ግንቡ እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2007 ስፓይክ የተባለ የአሜሪካ ጣቢያ ይህንኑ ፊልም ገዝቶ «ኤም ኤክስ ሲ» በሚል ስም አሳየው። ከጃፓንኛው አንድ ቃል አልተተረጎመም። ጸሐፊዎቹ ሥዕሉን ብቻ እያዩ አዲስ ታሪክ ፈጠሩ፦ ተወዳዳሪዎቹ የሁለት ሙያ ቡድኖች ተባሉ፣ ኪታኖ ቪክ ሮማኖ የሚባል የስፖርት ተንታኝ ሆነ፣ አጠገቡ የሚቀመጠው ቀልደኛ ደግሞ ኬኒ ብላንከንሺፕ የሚባል ብልግና የማይሰለቸው ሰው ሆነ። ይህ «ኬኒ» በእውነተኛ ስሙ ሂዴዮ ሂጋሺኮኩባሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የሚያዛኪ ክፍለ ግዛት ገዥ ሆኖ ተመርጧል። በአንድ በኩል ክፍለ ግዛት ያስተዳደረ ባለሥልጣን፣ በሌላ በኩል አሜሪካ ውስጥ አፉን የተበደረው ብልግና ተናጋሪ። ስለ ጉዳዩ አንድ ጥናት ብቻ መጻፍ ቢኖርብኝ ስለዚህ ሰው እጽፍ ነበር።

ለአሜሪካኖቹ ፍርድ ሲሰጥ ሚዛን ያስፈልጋል። ከቀልዱ ብዙው በራሳቸው የስፖርት ተንታኞች፣ በራሳቸው የሙያ ኩራትና ማስታወቂያ ላይ ነው የሚያሾፈው። ሞተሩ ግን «ጃፓኖች እብድ ናቸው» የሚል አሮጌ ሐሳብ ነው። ያንን ሐሳብ እንግሊዞች ቀደም ብለው አሙቀውታል፦ የቴሌቪዥን አቅራቢው ክላይቭ ጄምስ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ አይቲቪ ላይ «ዛ ጋማን» ከተባለው የጃፓን የመከራ ውድድር ቁርጥራጭ እያሳየ አገር ያስቅ ነበር። ከዚያ «ባንዛይ» መጣ፤ እሱ ጭራሽ የጃፓን ዝግጅት አይደለም፣ የጃፓን ዝግጅት መስሎ እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ ቧልት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ፎክስ አሜሪካ ውስጥ ሲያሳየው እስያውያን አሜሪካውያን ተቃወሙት። አነጋገራቸው የሚሾፍበት ሰዎች እዚያው አገር ውስጥ ስለሚኖሩ ሰሙት፤ ስለሰሙትም መለሱ። ነጥቡ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል፤ እመለስበታለሁ።

ሕንዶች በተመሳሳይ ፊልም ላይ ያደረጉት ሌላ ነው። ጃቬድ ጃፍሪ የተባለው ተዋናይ ፖጎ በተባለ የልጆች ጣቢያ ላይ በሂንዲ አስተያየት ሰጠበት። ተወዳዳሪዎቹን የሕንድ ስም አወጣላቸው፤ አንዷን የጎረቤት አክስት፣ አንዱን የከሸፈ የቦሊዉድ ተዋናይ አደረጋቸው። በሳቁ ውስጥ ጃፓን የለችም ማለት ይቻላል። ልጆቹ የሚያዩት የሰፈራቸውን ሰው ጭቃ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ተንታኙም ከሰፈሩ አልወጣም። ዐረቦቹ ደግሞ «አል-ሒስን» ብለው፣ እንደ ዜና አንባቢ በተቀረጸ ፉስሓ ዐረብኛ፣ እንደ ቁም ነገር ውድድር አቀረቡት። እዚያ ማንም አልተሾፈበትም፤ ሰው በጭንቀት ነው ያየው። አንድ ኩሬ፣ አንድ ሰው፣ አራት ዓይነት አወዳደቅ።

ከውድድር ዝግጅት ውጭ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1966 ዉዲ አለን አንድ የጃፓን የስለላ ፊልም ወስዶ፣ ሰላዮቹ የእንቁላል ሰላጣ አሠራር ፍለጋ እንደሚጋደሉ አድርጎ በእንግሊዝኛ አስነገረ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ሬኔ ቪዬኔ የተባለ ፈረንሳዊ የሆንግ ኮንግ የካራቴ ፊልም ላይ የአብዮት ክርክር ጫነበት፤ ተደባዳቢዎቹ እየተራገጡ ስለ ቢሮክራሲ ይሟገታሉ። ደርግ ዘመን የጥናት ክበብ የተቀመጠ ሰው ቢያየው የሚስቀው ከፈረንሳዮቹ በላይ ነው።

ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ እዚህ ነገሩ ከድህነትም ከጥበብም የተወለደ ነው። ኡጋንዳ ውስጥ በቪዲዮ ቤቶች ማይክሮፎን ይዘው የባዕድ ፊልም ወደ ሉጋንዳ እያዞሩ የሚተርኩ «ቪጄ» ይባላሉ፤ ሙሉ አጠራሩ «የቪዲዮ ቀልደኛ» ማለት ነው። መጀመሪያ ሥራቸው መተርጎም ነበር፤ ቀልዱ ቀስ ብሎ ትርጉሙን በላው። ዋካሊጋ በተባለ የካምፓላ ሰፈር ይስሐቅ ናብዋና እ.ኤ.አ. በ2010 «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የሚል ፊልም ሲሠራ፣ ቪጄ ኤሚ በገዛ ሰፈሩ ፊልም ላይ ተደርቦ እያሞገሰም እያሾፈም ይጮኻል። ኬንያ ውስጥ ዲጄ አፍሮ የሆሊዉድና የሕንድ ጀግኖችን በናይሮቢ አራዳ ስዋሂሊ ያናግራቸዋል። እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፦ ተራኪው እሱ ራሱ በሚናገርበት ቋንቋና ቅላፄ ነው ባዕዱን የሚያናግረው። ሻሩክ ካን አፉን ሲከፍት የሚወጣው የዲጄው የራሱ ሰፈር ነው።

የኛ ሌላ ነው። ለምን ሌላ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ «ትርጉም ፊልም» የሚባለው ነገር ረጅም ዕድሜ አለው። አንድ ሰው የሁሉንም ገጸ ባሕርይ ድምፅ ይዞ ሙሉ ፊልም በአማርኛ ይተርካል። ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ላይ ከሚጭኑ ስልክ ቤቶች ተገዝቶ በየአውቶቡሱ፣ በየሻይ ቤቱ፣ በየከባድ መኪናው ጋቢና ይታያል። ሎጊያ ወይም ሚሌ ላይ ያደረ ሹፌር ሚሞሪውን አስሞልቶ ነው የሚወጣው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ነገሩ ከጋቢና ወጥቶ ሳሎን ገባ። «ጥቁር ፍቅር»ን የመሰሉ የቱርክ ድራማዎች አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ ከከንፈር ጋር እየተገጣጠሙ በአማርኛ ቀረቡ። የኪነ ጥበብ ማኅበራት «ባህላችን ተወረረ፣ ገበያችን ተዘጋ» ብለው ጮኹ፤ ክርክሩ ለወራት ዘለቀ።

ያኔ ሁሉም የተከራከረው ስለ ቱርክ ባህል ነበር። እኔ ግን ያኔ ያላየሁትን አሁን አያለሁ፦ በእነዚያ ድራማዎች የኢስታንቡሉ ሀብታምም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ የገጠሯ እናትም በአመዛኙ አንድ ዓይነት የጸዳ የአዲስ አበባ አማርኛ ነው የሚናገሩት። ጎጃም የለም፣ ወሎ የለም፣ በአፋርኛ ወይም በኦሮምኛ የተቃኘ አማርኛ የለም። ቁም ነገር ሲሆን ቅላፄው ይጠፋል። ቀልድ ሲሆን ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ጃፓናዊው ኩሬ ውስጥ ሲገባ የመርሐቤቴ ሰው ይሆናል፤ አስተዋዋቂው ከተሜ እንደሆነ ይቀራል። ያየኋቸው አስቂኝ የአማርኛ ድምፅ ቅያሪዎች ብዙዎቹ በዚህ ቀመር ነው የሚሠሩት፦ የሚወድቀው ሰው ክፍለ ሀገር፣ የሚያስተዋውቀው አዲስ አበባ።

ስለዚህ የሚሾፍበት ጃፓናዊው አይደለም። ጃፓናዊው የተከራየነው ገላ ነው። የሚሾፍበት መርሐቤቴ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ጉራጌ ወይም ኦሮሞ ወይም ትግሬ ሆኖ የሚቀርበው አማርኛ ነው። ሥዕሉ ባዕድ መሆኑ ለቀልደኛው የሚሰጠው ጥቅም አንድ ብቻ ነው፦ «እኔ በጃፓን ነው የሳቅሁት» ማለት ያስችለዋል።

ይህን ስል ራሴን አላወጣሁም፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። የውድድር ዝግጅት ለዚህ ሥራ ለምን እንደሚመች የገባኝም ያኔ ነው። ድራማ ላይ ከንፈር ያስጨንቃል፤ ሰውየው «አይ» ሲል አፉ የሚዘጋበትን ጊዜ መቁጠር አለብህ። ውድድር ላይ ግን ተወዳዳሪው ሄልሜት አድርጓል፣ ካሜራው ሩቅ ነው፣ አፍ ቢከፈትም ለጩኸት ነው። ታሪኩም ያለ ቃል ይገባል፦ ሰው ይሮጣል፣ ይወድቃል። ቃሉን የፈለግኸው ቦታ ትከተዋለህ። ስልኬ ላይ ካፕካት የተባለውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ከፈትኩ፤ ማሚቶ እንዳይኖር ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ፤ የአርባ ሰከንድ ቁራጭ ላይ ድምፄን ጫንኩ። መጀመሪያ በራሴ አነጋገር ሞከርኩት፤ ለእህቴ ባሳያት ፊቷ አልተፈታም። ቀልዱ ያው ነው፣ ቃሉም ያው ነው። ከዚያ ቅላፄውን ቀየርኩና ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰድኩት፤ «ምን ዓይነት ጉድ ነው እናንተው!» አልኩ እየጎተትኩ። እህቴ በሳቅ ወደቀች። ትንሽ ቆይታ ግን፣ «ይሄ እኮ የእማማ ድምፅ ነው» አለች። አያታችን ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እውነቷን ነው፤ ሳላውቀው የእሳቸውን ድምፅ ነበር ኩሬ ውስጥ የከተትኩት። ቪዲዮውን አጠፋሁት። ቀልዱ መጥፎ ስለነበር አይደለም፤ ጥሩ ነበር።

ውድድርና ሹፈት በራሳችን ቴሌቪዥንም ተጋብተው ያውቃሉ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ በኢቲቪ ይቀርብ የነበረውን «የኢትዮጵያ አይድል» ያየ ሁሉ ዳኛው ፈለቀ ኃይሉ «አላለፍክም» የሚሉበትን አባባል አይረሳም። ቃሏ ከዝግጅቱ ወጥታ ትምህርት ቤትና ታክሲ ውስጥ ገባች። ከአዲስ አበባ ውጭ የመጡ ተወዳዳሪዎች ሲዘፍኑ አገር ሳቀ። ይሁንና አንድ ልዩነት ነበረ፤ ልጁ የተሳቀበት በገዛ ድምፁ ነው። ራሱ መጥቷል፣ ራሱ ዘፍኗል፣ ከፈለገም መልስ ይሰጣል። በኢቢኤስ ነፃነት ወርቅነህ የሚመራውን «የቤተሰብ ጨዋታ»ንም እዚህ ላይ ማንሳት ይቻላል፤ ቅርጹ ከውጭ የመጣ ነው፤ ሰው የሚያስቀው ግን ቤተሰቡ ራሱ ሲሳሳት ነው። ከባዕድ ዝግጅት ድምፁን ከመንጠቅ ቅርጹን መዋስ የተሻለ ብልሃት ይመስለኛል፤ ገንዘብ ይጠይቃል እንጂ።

ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የሚለው የለም። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ መከላከያው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የኪነ ጥበብ ሥራን ከክልከላው ውጭ ያደርጋል፤ እኔም ይህ ትክክል ይመስለኛል። ፖሊስ ቅላፄ መለካት ሲጀምር ከቀልደኛው በፊት የሚያዘው የመርሐቤቴው ሰው ነው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ 1238/2013 የተጻፈው ለመገናኛ ብዙኃን ድርጅቶች ነው፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ለሚቀርጽ ልጅ አይደለም። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ሌላ ሰው ፊልም ላይ ድምፅ ለመጫን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ያስገነዝባል፤ ነገር ግን ከቶኪዮ ተነስቶ ሰርዶ ድረስ የሚከስ አይመጣም።

የቀልዱ አባቶች ከእኛ ዘንድም አሉ። አዝማሪ ሌላ ሰው የሰጠውን ግጥም «ተቀበል» ተብሎ ሲዘፍነው፣ በተሰደበው ሰው ፊት ቆሞ ነው የሚዘፍነው። ተሰዳቢው ከፈለገ ብር ይለጥፍለትና መልስ ያስዘፍናል። አለቃ ገብረ ሃና ያሾፉባቸው መኳንንት አብረዋቸው ማዕድ የቀረቡ ሰዎች ናቸው። ስላቁ ቢመርም አድራሻ አለው፤ ደብዳቤው ይደርሳል፣ መልስም ይመጣል። ድምፅ የተቀየረበት ጃፓናዊ ደብዳቤው አልደረሰውም። መርሐቤቴውም ቢሆን በስሙ ሳይሆን በጃፓናዊ ገላ ስለተሰደበ መልስ የሚሰጥበት በር የለውም።

የሰርዶው ሽማግሌ ያደጉት ደግሞ በሌላ ወግ ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይቀመጣሉ። ሰላምታው አልቆ፣ ተቀምጠው፣ አንዱ ከመጣበት አቅጣጫ ያየውንና የሰማውን በዝርዝር ይናገራል፤ ሌላው እስኪያልቅ ያደምጣል፤ ከዚያ ተራው ይደርሰዋል። ዝናብ የት ዘነበ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ የማን ግመል ጠፋ። ያየኸውን ከሰማኸው ትለያለህ፤ የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ትናገራለህ። የጨመረ ወይም ያዛባ ሰው ቃሉ ዋጋ ያጣል፤ በዚህ በረሃ ደግሞ ቃል የሚያመራው ወደ ውኃ ወይም ወደ ሞት ነው። ይህ ዳጉ ለቀልድ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። የሰው ቃል አፉ ውስጥ እንዳለ እንዲቀመጥ ግን ያዛል። በዚህ ወግ ላደገ ሰው፣ ሰውዬው ያላለውን አለ ብሎ ማሳየት ከስድብ የሚለየው በጥቂት ነው።

የአፋር ሕዝብ ሌላ ሰው አፉን ሲከፍትለት ማየት አዲሱም አይደለም። አሳሾቹ ኔስቢት እ.ኤ.አ. በ1928፣ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዚህ በረሃ አልፈው ለአውሮፓ አንባቢ መጽሐፍ ጻፉ። የኔስቢት መጽሐፍ አሜሪካ ሲታተም ርዕሱ አገሩን «የፍጥረት ገሃነም ጉድጓድ» የሚል ነበር። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2009 መጥቶ «በምድር ላይ እጅግ ሞቃቱ ቦታ» ብሎ ሠራ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የአፋር ሰው ይታያል፣ አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የሚነበበውና የሚሰማው ግን ሌላ ነው። አሥር ደቂቃ የተናገረ ሽማግሌ ከታች በአንድ መስመር ጽሑፍ ይጠቃለላል። ያኔም ሰውዬው እውነት እንዲህ ብሏል ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ያን ምሽት ሽማግሌው መልስ ሳያገኙ ጥያቄያቸውን ተዉት። ትንሽ ዝም አሉና የመርሐቤቴውን ሹፌር ከየት እንደመጣ ጠየቁት። ከጅቡቲ ነው አለ። መንገዱ እንዴት ነው አሉት። ሹፌሩ ዲቾቶ አካባቢ ቦቴ ተገልብጦ እንደነበር፣ ሁለት ሰው እንደሞተ ነገራቸው።

«አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?»

ሹፌሩ አሰበ። «ቦቴውን አይቻለሁ። የሰዎቹን ሰምቼ ነው።»

«ከማን?»

«ከሌላ ሹፌር። እሱም ከረዳቱ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለ ቦቴው እንደገና ጠየቁ፣ ስለ ሰዎቹ አልጠየቁም። መልሰው ለሹፌሩ ከአፍዴራ በኩል የሰሙትን ነገሩት፤ ማን እንደነገራቸውም ነገሩት። ስለዚች ከተማ ጨዋታ ሲነሳ ደግሞ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ሰርዶን ያፈራረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ አነሡ፤ ያኔ ልጅ ነበሩ። ቤት የወደቀባቸውን ሰዎች እየጠሩ በጣታቸው ቆጠሩ፤ እያንዳንዱን ከነአባቱ። አንዱ ጋ ሲደርሱ «ይህን አላየሁም፣ እናቴ ናት የነገረችኝ» አሉ። ከዚያ ዱላቸውን አንሥተው፣ ደህና እደሩ ብለው፣ ከበረንዳው ብርሃን ወደ ጨለማው ወጡ።

ኮቴያቸው እስኪጠፋ ማንም አልተናገረም። ረዳቱ ስልኩን ከጠርሙሱ አንሥቶ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ፣ ሳይጫነው ግን ቀና አለ። ድምፁን ወፍራም አደረገ፣ ቃላቱን እንደ ሽማግሌው አማርኛ ሰበር ሰበር አድርጎ፣ «አይተሃል? ሰምተሃል? ከማን?» አለ።

በረንዳው እንደገና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።